የጾም ወተት

አባ ጽጌ ወይራው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣
የመስቀሉን አቧራ በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣
«እህ ልጄ፣ ምን በደልህ?» አሉኝ ጆሯቸውን ሰጥተው።
የደብረ ዘይት ሳምንት፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ።
እውነቱ አንድ ስም ነበር፣
እስከ ጥርሴ መጥቶ የተመለሰ ወደ አንጀቴ።
በምትኩ ሌላ ነገር አመለጠኝ ድንገት፦
«አባቴ፣ በጾም... ወተት ጠጣሁ፣ ወተት።»

አርባ ስግደት አዘዙኝ።
ሰገድሁ። ላልጠጣሁት ወተት ጉልበቴ ተላጠ።
ለጠጣሁት ግን፣ ለዚያ በዐይኔ ለጠጣሁት፣
ማንም ቅጣት አልቆረጠ።

ስሙ ይትባረክ ነው። አቋቋም አብረን ነው የተማርነው።
መርጌታ ሀብተ ሥላሴ በሁለት ረድፍ ሲያሰልፉን፣
እሱ በቀኝ፣ እኔ በግራ፣ ፊት ለፊት ነበር የሚያቆሙን።
ሌሊት፣ ብርዱ ከቀሃ ወንዝ ሽቅብ ሲነፍስ፣
መቋሚያው አንድ ላይ ሲነሣ፣ ጸናጽሉ ሲመለስ፣
አንድ እርምጃ ወደ እሱ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ።
በቀን ባገኘው፣ አንገቴን ደፍቼ አልፍ ነበር በሌላ፤
ትኩር ብዬ እንዳየው የፈቀደልኝ ሥርዓቱ ነው፤
ፊት ለፊት ያቆመን እሱ፤ እኔ ምን ላድርገው?

አንድ ንጋት መርጌታ
«ዜማህ ዛሬ እንባ አለበት» ብለው አመሰገኑኝ።
ለእግዚአብሔር መስሏቸው።
ለእግዚአብሔርም ነበር።
ሁለቱን መለየት መቼ አስተማሩኝ?

አርባ አራት ታቦት ባለባት ከተማ ነው ያደግሁት፤
አንዱ ደወል ሲያቆም ሌላው ሲቀበለው፣
ስሜን የጠሩኝ እየመሰለኝ ነው የነቃሁት።
እንደ እኔ ያለው የሚጠራበትን ስም ግን
አንዴ ብቻ ሰማሁት፣ ቅዳሜ ገበያ፣ በርበሬ ተራ፤
ሰውየው ስሙን ከምራቁ ጋር ተፋው።
ሴቶቹ አማተቡ። እናቴም።
እኔም አማተብሁ፣ በራሴ ላይ፣ ከእነሱው ጋራ።

የይትባረክ ቅስና ሲደርስ ማግባት ግድ ሆነ፤
ትርንጎ የምትባል ልጅ ከጭልጋ መጣች፤
ተክሊሉ ተወሰነ።
ሚዜው እኔ ነበርሁ።
ካባው ከትከሻው ሲንሸራተት ያቃናሁለት እኔ ነበርሁ።
ጣቴ አንገቱን ነካ፤ አልቦት ነበር።
ዞር አላለም።
ወይም ብሎ ይሆናል፤ አክሊሉ ሰፊ ነበር፣
ዐይኑን ሸፍኖት ነበር።

ትርንጎ ደግ ናት። ልጠላት ሞክሬ አልሆነልኝም።
የበኩር ልጃቸውን «ክርስትና አንሣልኝ» ሲለኝ
እምቢ የሚል ቃል አልወጣልኝም።
ሕፃኑን ከውኃው ተቀብዬ ደረቴ ላይ አስጠጋሁት፤
አፍንጫው የአባቱ ነው።
ጸሎተ ሃይማኖቱን ስለ እሱ ሆኜ ደገምሁት።

በየዓመቱ በደብረ ዘይት፣ ወይራው ሥር፣ ያው ወተት።

በሰባተኛው ዓመት
አባ ጽጌ መስቀሉን ከጭናቸው ላይ ሳያነሡ ቆዩ።
ሞራ በጋረደው ዐይናቸው ወደ እኔ እያዩ፣
«ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው፣
«እናንተ ደጅ ላም ታስራ አይቼ አላውቅም እኮ።»

ወይራው ላይ ወፍ ነበረች። እሷም ዝም አለች።
ሌላ አልጠየቁኝም። ሌላ አልመለስሁም።
መስቀሉ ግንባሬ ላይ ከወትሮው ትንሽ ቆየ።
«እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ።
ስግደት አላዘዙም።
ረስተው ይሁን፣ ፈርተው ይሁን፣ ምሕረት ይሁን፣
እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤
ዓመቱ ሳይዞር አረፉ።

ያን ቀን ከቅጽሩ ስወጣ፣ እናቴ እቤት
የልጃገረድ ስም ይዛ እንደምትጠብቀኝ እያወቅሁ፣
እግሬ መንገድ ቀየረ፤ ቁልቁል አዲስ ዓለም ወረድሁ።
«ጾመኛ ነህ ወይ?» ተብዬ ከማልጠየቅበት፣
ከሰዒድ ሻይ ቤት ገባሁ።
«ምን ልስጥህ?»
«ወተት።»

ትኩስ ነበር። እፍ እያልሁ፣ ቀስ እያልሁ ጠጣሁት፣
ሁለት መቶ አርባ ስግደት
አስቀድሜ የከፈልሁበት።